ከገንዳ ወደ ላንጋኖ፦ በሐይቅ ለመዋኘት ምን ልልመድ?

ዋናተኛ ከሰሚት

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ዋና የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ገንዳ ሲሆን፣ አሁን ፍሪስታይል ሳላቋርጥ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እዋኛለሁ። በጥር መጨረሻ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ ላንጋኖ ወርደን፣ ካረፍንበት ዳርቻ ተነስተን ወደ ሐይቁ መሃል በመግባት ይህንኑ ርቀት ዋኝተን ለመመለስ አስበናል። ጓደኛዬ ከእኔ የተሻለ ዋናተኛ ነው፤ ሁለታችንም ግን ከገንዳ ውጭ ዋኝተን አናውቅም።

ዋናው ጥያቄዬ በገንዳ የለመደ ሰው ያንኑ ርቀት በሐይቅ ለመዋኘት ምን ተጨማሪ ነገር መልመድ አለበት የሚለው ነው። ከዚህም ሌላ ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ሐዋሳ ዘመዶች ስላሉኝ እዚያም ብዋኝ ምን እንደሚያሰጋኝ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። እናቴ የቢሾፍቱን ሐይቆች እያነሳች «ሐይቅ በየዓመቱ ሰው ካልወሰደ አይተኛም» ትለኛለች። ስጋቷን አቃልዬ ስለማላየው፣ ብዙ ከማበረታታት ይልቅ ጥንቃቄውን በዝርዝር ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

የዋና አሰልጣኝ

በገንዳ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መዋኘት መቻልዎ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ሊያሳስትዎት ይችላል። በ25 ሜትር ገንዳ ይህን ርቀት የሚሸፍን ሰው በመሃሉ 59 ጊዜ ግድግዳ ያገኛል። በእያንዳንዱ ዙር ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ጥቂት ሜትር ያህል ሳይደክም ይንሸራተታል፤ ሳያውቀውም ትንፋሹን ያስተካክላል። ሐይቅ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምሮ ግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው ሳይነኩት እየዞሩ መመለስን ይለማመዱ። ወለሉንም፣ ገመዱንም ሳይነኩ ስንት ሜትር እንደሚዋኙ ሲያዩ፣ የሐይቅ አቅምዎ ከሚያስቡት ያነሰ መሆኑን ይረዱታል፤ በጥቂት ሳምንታት ልምምድም ያድጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእይታ ጉዳይ ነው። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ የሆነው የማይዘቅጥ ደቃቅ ደለል በውስጡ ተንሳፎ ስለሚኖር ነው። ፊትዎን ሲነክሩ የሚታይዎት ቡናማ ብርሃን ብቻ ነው፤ ወደ ፊት የዘረጉት እጅ ከክርኑ በኋላ ይሰወራል። ወለሉ ላይ ያለ ጥቁር መስመር እየተከተለ ለኖረ ሰው ይህ እጅግ ያስደነግጣል፤ ብዙ ጎበዝ የገንዳ ዋናተኞች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚረበሹት ጉልበት አንሷቸው ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ገንዳው ሰው በማይበዛበት ሰዓት ዓይንዎን ጨፍነው ስድስት ያህል ቀዘፋ ከቀዘፉ በኋላ ገልጠው ቢመለከቱ ወደ የትኛው ጎን እንደሚያዘነብሉ ያውቃሉ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ብርቅ ነው፤ አብዛኛው አንዱ ክንዱ ስለሚበረታ ወደ አንድ ጎን ይጠመዝዛል፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ ይህ ጥምዘዛ ርቀቱን በብዙ ያስረዝመዋል።

መፍትሔው ወደ ፊት ማየትን ከአተነፋፈስ ጋር ማዋሐድ ነው። የፊተኛው እጅ ውኃውን መጫን ሲጀምር ዓይን ብቻ ከውኃው በላይ እስኪወጣ ድረስ ግንባርን ቀና ያደርጋሉ፤ አፍ ግን ውኃው ውስጥ ይቆያል። አይተው ሳይጨርሱ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው እንደወትሮው ይተነፍሳሉ። ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ለማየትም ለመተንፈስም የሚሞክሩ ሰዎች እግራቸው ስለሚሰጥም ቶሎ ይደክማሉ። በየስምንትና በየአሥር ቀዘፋው አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ምልክት አድርገው የሚይዙትም ከፍ ያለና የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፤ ጀልባ ይንሸራሸራል፣ ዳርቻ ላይ ያለ ጃንጥላም በሞገድ መሃል አይታይም። ላንጋኖ ላይ ወደ ምሥራቅ ለሚዋኝ ሰው የአርሲ ተራሮች አሉለት፤ ወደ ዳርቻው ሲመለሱ ግን አንድ ረጅም ዛፍ ወይም ጣራ አስቀድመው ከውኃው ውስጥ ሆነው መምረጥ አለብዎት።

ውኃው ውስጥ እንደገቡ ወዲያው መዋኘት አይጀምሩ። ደረትዎ ድረስ ገብተው ፊትዎን እየነከሩ አየር በአፍንጫና በአፍ ያስወጡ፤ ከዚያም በጀርባዎ ተንጋለው ይንሳፈፉ። ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ተፈጥሮው ሆኖ ሽቅብ ለመቆም ይታገላል፤ የሚያሰጥመውም ይኸው ትግል ነው። በጀርባ ተንጋሎ፣ ጆሮን ውኃ ውስጥ አስገብቶ፣ እጅን ዘርግቶ ትንፋሽ እስኪረጋጋ መቆየት ከሁሉ በፊት የሚለመድ ችሎታ ነው፤ ይህን በጥልቅ ገንዳ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያለ ጭንቀት የማያደርግ ተማሪ ወደ ሐይቅ እንዲሄድ አልፈቅድም። የጡንቻ መሸማቀቅ ሲያጋጥምም ማረፊያው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዕቅድዎ ልምጣ፤ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ወደ መሃል ገብቶ መመለስ ማለት ድካምዎ ሲበረታ ከዳርቻው እጅግ ርቀው ይገኛሉ ማለት ነው። ያንኑ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ከዳርቻው ሠላሳና አርባ ሜትር ብቻ ርቀው፣ ዳርቻውን ተከትለው ሄደው ቢመለሱ የዋናው ጥቅም አንድ ነው፤ አደጋው ግን በብዙ ይቀንሳል። የላንጋኖ ጥልቅ ቦታ 47 ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ሲሰሙ የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ከቁመት በላይ ከሆነ በኋላ ግን ሦስት ሜትርም አርባ ሜትርም ለዋናተኛ አንድ ነው። የሚለየው ከዳርቻው ያለው ርቀት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዋኙ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ነፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ የሚታየው አጭርና ተደራራቢ ሞገድ ፊትን እየመታ መተንፈስ ይከለክላል። በዚያ ሞገድ ውስጥ በሁለቱም ጎን መተንፈስ የሚችል ሰው ነፋሱ ወደማይመጣበት ጎን ስለሚዞር በእጅጉ ይጠቀማል፤ ስለዚህ በግራም በቀኝም መተንፈስን ይልመዱ።

ጓደኛዎ የተሻለ ዋናተኛ ነው ብለዋል። ከደከመ ዋናተኛ ጋር በውኃ ውስጥ የሚታገል ጓደኛ፣ ጎበዝም ቢሆን፣ አብሮ ሊሰጥም ይችላል። ስለሆነም አንድ ጀልባ ከነቀዛፊው ይከራዩ፤ ጀልባውም በሚተነፍሱበት ጎን ይሁን፤ ያኔ አንገትዎን ሳያቃኑ ያዩታል። እያንዳንዳችሁም ደማቅ ቀለም ያለው የዋና ኮፍያ አድርጉ፤ ከወገብ ጋር በገመድ የሚታሰረውን፣ በአየር የሚነፋውን ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ከረጢትም ያዙ። ከረጢቱ የሕይወት አድን ጃኬትን አይተካም፤ ነገር ግን ከሩቅ ያሳያል፣ ሲደክሙም ደረትዎን አስደግፈው ያርፉበታል። እሱን ማግኘት ካልቻሉ ክዳኑ በደንብ የተጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ገመድ ታስሮበት ጀልባው ላይ ይኑር፤ አንድን ሰው ሳያሰጥም የሚያቆይ ጉልበት አለው፣ ለደከመ ሰው መወርወሪያም ከዚህ የተሻለ ነገር በቀላሉ አይገኝም።

የላብራቶሪ ባለሙያ

ስለ ቢልሃርዚያ የተጠየቀውን ልመልስ። በሽታው ከሰው ሠገራ ወይም ሽንት ወደ ውኃ በሚገባ እንቁላል ይጀምራል፤ በሐይቆቻችን ዳርቻ በብዛት የሚገኘው የአንጀቱ ዓይነት ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ፍጥረት አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላም በዓይን የማይታዩ ባለ ጭራ እጮች ከቀንድ አውጣው ይወጡና የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። ቁስል መኖር ወይም ውኃ መጠጣት የግድ አይደለም፤ እግርን መንከር ብቻ በቂ ነው።

በዚህ መሠረት አደጋው በሐይቁ ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ቀንድ አውጣው የሚወደው ረጋ ያለ፣ ሣርና ቄጠማ የበዛበት፣ ሰው የሚታጠብበትና የሚጸዳዳበት ዳርቻ ነው። እጮቹ በብዛት የሚወጡትም ፀሐይ ሲበረታ፣ በቀትር ገደማ ነው። ሐዋሳ፣ ዝዋይ እና ጣና በሽታው የታወቀባቸው ሐይቆች ናቸው፤ እዚያ ከሣሩ ርቆ በጀልባ መሃል ገብቶ መዋኘት አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ላንጋኖ በአንጻሩ ለብዙ ዓመታት ነጻ ነው እየተባለ ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ወንዝና ጅረት የሚገባበትን ዳርቻና ሣር ያለበትን ቦታ እንዲርቁ እመክራለሁ። በወራጅ ወንዝ ውስጥ በሽታው የለም የሚለውም እምነት ትክክል አይደለም፤ በኦሞ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ የተጓዙ የውጭ አገር ሰዎች መያዛቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በምርመራው ጊዜ ነው። ሐዋሳ ዋኝተው በተመለሱ በሳምንቱ የሠገራ ምርመራ አድርገው «ነጻ ነህ» ተብለው ደስ ብሏቸው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ከዚያ በፊት የሚደረግ የሠገራ ምርመራ ምንም አያሳይም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በደንብ የሚሠራው ባደገው ትል ላይ ስለሆነ እሱንም ቶሎ መዋጥ አያዋጣም። ስለዚህ ሁለት ወር ያህል ጠብቀው ይመርመሩ፤ ከተገኘብዎት ሐኪሙ መጠኑን እንደ ክብደትዎ ያዝልዎታል። በመካከሉ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የሰውነት ሽፍታ ከመጣ ግን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ሄደው «ሐይቅ ውስጥ ዋኝቼ ነበር» ብለው ይንገሯቸው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልተነገረች ሕመሙ በወባ ወይም በታይፎይድ ስም ሲታከም ሊከርም ይችላል።

የቢሾፍቱ ነዋሪ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ላንጋኖ ድረስ 200 ኪሎ ሜትር ከመሄድ ባቦጋያ ቢሞክሩ የሚሻል ይመስለኛል። ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ ጉማሬም አዞም የለበትም፣ ውኃውም ከላንጋኖ ይጠራል። ነገር ግን አሰልጣኙ ስለ ጥልቀት ያሉት እዚህ ጥቂት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳርቻቸው እንደ ላንጋኖ ቀስ በቀስ እያዘቀዘቀ አይሄድም። ባቦጋያ እስከ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ እስከ 87 ሜትር ይጠልቃሉ፤ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ እንደተሄደ እግር መሬት ያጣል። ዋና የማይችሉ ወጣቶች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ሲጫወቱ አንድ እርምጃ አልፈው ሰጥመው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእናትዎም አባባል መነሻው ይኸው ይመስለኛል። ለሚዋኝ ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ደክሞኛል ብሎ እግሩን አውርዶ የሚቆምበት ቦታ ስለሌለ፣ የሚወጣበትን ቦታ ሳይገባ መምረጥ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ የሚያሞቀው የላይኛውን ውኃ ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ቀዝቃዛና አየር ያነሰው ውኃ ተኝቶ ይከርማል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲበረታ ሁለቱ ውኃዎች ይደባለቃሉ፤ ያኔ ሐይቁ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ መጥፎ ሽታም ሊያመጣ ይችላል፣ ዓሣም ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ። ጥር መጨረሻ ላይ ከመጡ ጠዋት ውኃውን በእጅዎ ሞክረው፣ የሞተ ዓሣ ካዩ ሳይገቡ ይመለሱ።

ዋናተኛ ከሰሚት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ መሃል የመግባቱን ሐሳብ ትቼ ዳርቻውን ተከትዬ ለመዋኘት ወስኛለሁ። ባቦጋያን በተመለከተ ግን፣ እግሬ መሬት ሊያገኝ የሚችልበት ዳርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻል መስሎ ስለታየኝ ላንጋኖን እመርጣለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ አንደኛ፣ የዋና ልብስ ሻጮች ሰውነትን የሚሸፍነውን የላስቲክ ልብስ ግዛ እያሉኝ ነው፤ ያስፈልገኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ነፋሱ ጠዋትም ቢሆን ከተነሳ በምን አውቄ ልወስን?

ከአሽዶድ

ስለ ነፋስ እኔ ልመልስ፤ የምኖረው እስራኤል ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ዘወትር ያጋጥመኛል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሞገድ ወደ ዳርቻ የሚያመጣውን ነፋስ ነው፤ እሱ ግን ቢያደክምዎትም ወደ መሬት ይገፋዎታል። ይበልጥ የሚያሰጋው ከመሬት ተነስቶ ወደ ውኃው የሚነፍሰው ነው። ዳርቻው ላይ ቆመው ሲያዩ ውኃው የተኛ፣ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሞገዱ የሚያድገው ከእርስዎ እየራቀ ሲሄድ ነው። ገብተው ሲዋኙ ፍጥነትዎ ያስደስትዎታል፤ ለመመለስ ሲዞሩ ነው ባሉበት እንደሚቀዝፉ የሚያውቁት። እዚህ ያለው የኪኔሬት ሐይቅ (የገሊላ ባሕር) ከባሕር ወለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከሜዲትራንያን በኩል የሚመጣው ነፋስ ድንገት ሲነሳ በአየር በተነፋ ፍራሽ ላይ የሚንሳፈፉ ልጆችን ከዳርቻው ነጥቆ ይወስዳል። በዚሁ ሐይቅ ላይ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄድ ታላቅ የሕዝብ ዋና አለ፤ እዚያም ቢሆን ሕዝቡ የሚገባው በጠዋት ነው።

ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ፊትዎን ወደ ውኃው አዙረው ይቁሙ። ነፋሱ ጀርባዎን የሚመታ ከሆነ በዚያ ቦታ አይግቡ፤ ወደ ሌላ ዳርቻ ይሂዱ ወይም ይጠብቁ። ዳርቻውን ተከትሎ የሚነፍስ ከሆነ በመጀመሪያ ነፋሱን ገጥመው ይዋኙ፤ ሲደክሙ እየገፋ ይመልስዎታል። ራቅ ብሎ ነጭ አረፋ ያለው ሞገድ ከታየ በዚያ ቀን ዋናው ይቅር።

ባሕር ላይ የሚዋኙ የባሕረ ሰላጤው አገራት ወገኖቻችንም ይህን ክር እንደሚያነቡ ስለማምን አንድ ነገር ልጨምር። በሞገድ መሃል ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ መስመር ካያችሁ መግቢያ አታድርጉት፤ ሞገድ ያመጣው ውኃ ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት ሊሆን ይችላል። ጅረቱ ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ተንሳፋችሁ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ ከዚያም ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ከወጣችሁ በኋላ ወደ መሬት ተመለሱ። እዚህ እስራኤል ጥቁር ባንዲራ ሲሰቀል መግባት ክልክል ነው፣ ቀዩ አደገኛ መሆኑን ያመለክታል፣ ነጩ የተረጋጋ ባሕር ነው። የባንዲራ ቀለም ትርጉም ከአገር አገር ስለሚለያይ እንደ ደረሳችሁ ጠባቂውን ጠይቁ። ጠባቂ በሌለበት ባሕር ዳርቻ፣ ዓርብም ይሁን የዕረፍት ቀን፣ ብቻችሁን አትግቡ።

የባሕር ዳር ልጅ

ስለ ጉማሬ በአጭሩ፦ ጣና ላይ፣ በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ ጎሕ ሲቀድም ወደ ውኃው ይመለሳል። ሰው የሚጎዳው በብዛት በመንገዱ ላይ ሲገኝ ነው። ላንጋኖም ጥቂት ጉማሬና አዞ ሊኖር ስለሚችል፣ ከሆቴል ሠራተኛ ይልቅ በየጠዋቱ መረብ የሚጥሉትን አጥማጆች «ሰሞኑን በዚህ በኩል አይታችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት 1 ሰዓት ማለትም ፀሐይዋ በደንብ ከወጣች በኋላ ማለት ነው እንጂ ገና ሲነጋጋ መግባት አይገባም። በክረምት ወራት ደግሞ በወንዝ መዋኘትን ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደራሽ ውኃ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ሳይቀር ከላይኛው አገር ዝናብ ተነስቶ ይመጣል።

የዋና አሰልጣኝ

የላስቲክ ልብሱን በተመለከተ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። በዓለም አቀፉ የውኃ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለክፍት ውኃ ውድድር ይህ ልብስ የሚገደደው ውኃው ከ18 ዲግሪ ሲያንስ ነው፤ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ጭራሽ አይፈቀድም። የላንጋኖ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ልብሱ ያሞቅዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም። ይልቁንም ከውኃ ሲወጡ ጠዋት ነፋስ ላይ ሰውነት ስለሚንቀጠቀጥ ፎጣ፣ ወፍራም ሹራብና በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ጀልባው ላይ ይኑር። ለትከሻና ለአንገት የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አይርሱ።

የቢሾፍቱው ወንድማችን ስለ ዳርቻው ያነሱት ትክክል ነው፤ የመውጫ ቦታን አስቀድሞ መምረጥ ላንጋኖም ላይ ይሠራል።

ከቀዛፊው ጋር ከመነሳታችሁ በፊት የምትስማሙባቸውን ነገሮች በግልጽ ተነጋገሩ። አንድ እጅ ቀጥ ብሎ ከፍ ካለ «ና» ማለት ነው፤ ሌላ ምልክት አታብዙ። ሞተር ያለው ጀልባ ከሆነ ዋናተኛው እጁን ጀልባው ላይ ከማሳረፉ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ወደ ኋላው በኩልም ማንም አይጠጋ። ከጀልባው የሚይዙት በጎን ሳይሆን በፊት ጫፍ፣ ሞተር ከሌለው ደግሞ በኋላም ጫፍ ነው፤ በጎን ከተንጠለጠሉ ትንሽ ጀልባ ትገለበጣለች። ቀዛፊው ዋና እንደሚችልም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይችሉም፤ ለእሱም የሕይወት አድን ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ። ከዋና በፊት በነበረው ሌሊት ሦስታችሁም አልኮል አትቅመሱ፤ በቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር የምንሰማቸው ብዙ አደጋዎች ከመጠጥ በኋላ የሚደርሱ ናቸው።

በመጀመሪያው ጠዋት 300 ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱ፤ ውጡና ሻይ ጠጡ፤ ያዩትን ተነጋገሩ። የቀረውን ርቀት በሁለተኛው ጠዋት ትጨርሱታላችሁ።